ቀዩ ድንጋይ እስኪደርቅ

አንዲት ሴት ድንጋይ ልትገዛ ሄደች።

አትሳቁ! ሽንኩርት አላልኩም፣ ጨርቅ አላልኩም፤ ድንጋይ ነው ያልኳችሁ። ያውም ብሎኬት እንዳይመስላችሁ። ከተራራ ተፈንቅሎ የወጣ፣ ገና ማሽን ያልነካው፣ ርዝመቱ ከአልጋ የሚበልጥ ድፍን ቀይ ግራናይት! ሰው አይሸከመውም፤ በክሬን ነው የሚነሳው። እንዲህ ያለ ድንጋይ መግዛት ጥጃ እንደ መግዛት ነው፤ ውጭውን ታያለህ፣ ውስጡን ግን ገና ወደፊት ነው የምታውቀው።

ሴትየዋ ድሬዳዋ ውስጥ የድንጋይ መቁረጫ ቤት አላት። ባሏ ለገሰ ማሽኑ ላይ ነው፤ ይቆርጣል፣ ያለሰልሳል፣ ይወለውላል። ድንጋይ የምትመርጠው፣ ደንበኛ የምታነጋግረው፣ ቃል የምትሰጠው ግን እሷ ናት። ትክክለኛ ስሟን እሷው ትንገራችሁ፤ እኛ ለዛሬ እታፈራሁ እንበላት።

እታፈራሁ በአንድ ነገር ትታወቃለች። ስንጥቅ በመሙላት! ጠረጴዛ ተሰነጠቀ? እታፈራሁ ጋ ውሰዱት። የወለል ድንጋይ ጫፉ ረገፈ? እታፈራሁ አለች። ማስቲሹን፣ ማጣበቂያውን፣ ከቀይ የድንጋይ ዱቄት ጋር ታሸዋለች፣ ትሞላዋለች፣ ትወለውለዋለች፤ ከዚያ በኋላ ባለቤቱ ራሱ በጣቱ ቢዳስስ የት እንደነበር አያገኘውም። ሙያ ነው፤ ሐቀኛ ሙያ። ይህን ያዙልኝ።

አንድ ቀን ትልቅ ሥራ መጣላት። የከተማው አንድ ቤተ ክርስቲያን አዲስ አዳራሽ እየሠራ ነበር። ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡና «የዋናው በር ጉበን ከአንድ ወጥ ቀይ ድንጋይ ይሁን» ብለው ወሰኑ። ጉበን ታውቃላችሁ አይደል? ከበሩ በላይ ተጋድሞ ግድግዳውን የሚሸከመው ነው። ግራና ቀኝ የቆሙት ደግሞ መቃኖቹ ናቸው።

ለምን ቀይ? እናንተ ሰዎች! የግብፅን ሌሊት ረሳችሁ? የበጉ ደም የት ነበር የተቀባው? በሩ ላይ! «የሚገባ ሁሉ ቀና ብሎ አይቶ፣ በምን እንደዳነ እንዲያስታውስ» አሉ። ደስ አይልም? እኔ ይህን ስሰማ ተነስቼ ላጨበጭብ ምንም አልቀረኝም።

የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ጋሽ ወርዶፋ ይባላሉ። ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ናቸው፤ ሲናገሩ ባቡሩ ገና ጣቢያ የገባ ነው የሚመስላችሁ። እታፈራሁን አስጠሩና «ልጄ፣ ይህን ሥራ ለአንቺ ሰጥተናል» አሏት። «አንዳንዱ ‹ለሴት? ያውም ጉበን?› ብሎኝ ነበር። አፉን አስይዤዋለሁ። እንዳታሳፍሪኝ።»

አያችሁ ምን እንደተጫነባት? ድንጋዩ ብቻ አይደለም። ስሟ ነው ያለበት። የሳቸውም ስም አለበት። ከዚያ በር ሥር ደግሞ ነገ የሚያልፍ ሕዝብ አለ።

እንግዲህ እሷና ለገሰ ከባቢሌ ወዲያ ድንጋይ ወደሚወጣበት ቦታ ሄዱ።

በዚህ ሥራ አንድ ሕግ አለ፤ ድንጋይ የሚገዛ ሁሉ ያውቀዋል። ውሃ ታፈስበታለህ። ለምን? ከተራራ የወጣ ቀይ ድንጋይ ደረቅ ሳለ አቧራ ለብሶ ፈዝዞ ነው የሚታየው። ውሃ ሲነካው ግን ነገ ሲወለወል የሚኖረውን መልክ ያሳይሃል። ይህ የሕጉ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ምንድነው?

መጠበቅ! እስኪደርቅ መጠበቅ!

ደህናው ድንጋይ ይደርቃል። ስንጥቅ ያለበት ግን፣ ስንጥቁ ውሃውን ውጦ ይይዘዋል። ዙሪያው ሁሉ ደርቆ እሱ ብቻ ጥቁር መስመር ሆኖ ይቀራል። እርጥብ ሳለ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፣ ሁሉም ያምራል። የሚለየው ሲደርቅ ነው። እታፈራሁ ይህን አታውቅም? ታውቃለች እንጂ! ሌላውን የምታስተምረው እሷ አይደለችም እንዴ?

ግን ምን ሆነ? ሻጩ አንዱን ድንጋይ አሳያቸውና የውሃ ጀሪካን አንስቶ ከላይ ለቀቀበት። ወገኖቼ፣ ድንጋዩ ነደደ! ያ አቧራማ ነገር የበሰለ ሮማን ሆነ! እታፈራሁ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ወይኔ! ለገሰ፣ አየኸው? አቦ ጨምርበት!» አለች።

ሻጩ ጨመረበት።

የባቢሌ ፀሐይ ታውቃላችሁ፤ ከወዲህ ጫፍ መድረቅ ሲጀምር፣ «ኧረ ጠፋብኝ፣ ጨምርበት!» አለች። ጨመረበት። ለገሰ ቀስ ብሎ «ይድረቅና እንየው እንጂ» አላት። «አንተ ደግሞ! ዓይን የለህም? ጉበኑ እኮ ነው! በሩ ላይ ተሰቅሎ ታየኝ! ጨምርበት!»

ሻጩ ዋሸ? አልዋሸም። ደበቀ? አልደበቀም። ጨምርበት ተባለ፣ ጨመረበት። እሷው ናት። ውበቱ ዓይኗን ያዘውና የሕጉን ግማሽ ረሳችው። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል። ድንጋዩ ገና ውሃው እየተንጠባጠበ በክሬን ተነሳ፣ ሲኖትራክ ላይ ተጫነ፣ ድሬዳዋ ገባ። መንገዱን ሙሉ ስትዘምር ነበር የመጣችው።

ቤት ደረሱ። የመንገዱን አቧራ ለማስለቀቅ ድንጋዩን አጠቡት፤ ከዚያ ምሳ ሊበሉ ገቡ። ሲመለሱ ደርቆ ጠበቃቸው። ለገሰ የሚቆረጥበትን ቦታ ሊለካ ጠጋ ሲል መሐሉ ላይ አንድ ቀጭን ጥቁር ክር ተጋድሞ አየ። ክር መስሎት ሊያነሳው ጣቱን ሰደደ። አልተነሳም። በመዳፉ ጠረገው። አልጠፋም። ቀና ብሎ ሚስቱን አያት።

እታፈራሁ ክው ብላ ቀረች። መስመሩ ከላይ ጀምሮ በጎኑ ይወርዳል፤ በጀርባው ዞረው ቢያዩት በዚያም አለ። ድንጋዩ መሐል ለመሐል ተሰንጥቋል!

አሁን ልጠይቃችሁ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? መልሱን ለእኔ አትንገሩኝ፤ ለራሳችሁ ንገሩት። የምረቃው ቀን ተቆርጧል። እንግዳ ተጠርቷል። «ለሴት?» ያለው ሰውዬ ዳር ቆሞ እየጠበቀ ነው። በዚያ ላይ ደግሞ በከተማው ስንጥቅ በመሙላት የሚስተካከላት የለም! ማስቲሹ መደርደሪያው ላይ ነው። ቀዩ ዱቄት አጠገቡ ነው። ማን ያያል? ማንም አያይም!

ፈተና እኮ ሁልጊዜ በማትችሉት ነገር አይመጣም። ጎበዝ በሆናችሁበት በኩል ይመጣል። ሌላ ሰው ቢሆን መደበቅ ስለማይችል እውነቱን ይናገር ነበር። እሷ ግን ትችላለች! መቻሏ ነው ያስጨነቃት።

ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ እዚያው ድንጋዩ ጎን። ለገሰ አጠገቧ ተቀምጦ «ያልሺውን አደርጋለሁ» አላት። «ሙላው ካልሽኝ እሞላዋለሁ። ግን እኔ ልጄን ይዤ በዚያ በር አልገባም።»

እንዲህ ያለ ባል ይስጣችሁ! አሜን በሉ እንጂ፣ ሴቶች! ወንዶችም በሉ፤ እናንተንም ይመለከታል።

ተነሳች። ፊቷን ታጠበች። ጋሽ ወርዶፋ ጋ ደወለችና «ጋሼ፣ ድንጋዩ መጥቷል፤ ይምጡና ይዩት» አለቻቸው።

ጋሽ ወርዶፋ ጥላቸውን ዘርግተው መጡ፤ ፈገግታቸው ከሳቸው ቀድሞ በበሩ ገባ። እታፈራሁ ባልዲ ውሃ አንስታ ድንጋዩ ላይ ደፋችው። ያው ነው፤ ነደደ! «እግዚአብሔር ይመስገን! ወርቅ ነው እንጂ ይሄ ድንጋይ ነው?» ብለው ጮኹ። «ጨምሪበት እስቲ!»

«አልጨምርም ጋሼ» አለች። «እባክዎ ትንሽ ይታገሱኝ፤ ይድረቅ።»

ቆሙ። ፀሐዩ ይወቅራል። ጋሽ ወርዶፋ ስለ ምረቃው ያወራሉ። ስለ ድንኳኑ፣ ስለ ኳየሩ አዲስ ልብስ፣ ከየት ከየት እንግዳ እንደሚመጣ። ድንጋዩ ከዳር ከዳር ይደርቃል። ቃላቸው እየቀጠነ መጣ። ከዚያም አቆሙ። ድንጋዩ ደርቋል፤ መስመሩ ብቻ አልደረቀም።

«ምንድነው ይሄ?»

«ስንጥቅ ነው፣ ጋሼ። ስገዛው መጠበቅ ነበረብኝ፤ አልጠበቅኩም። ጥፋቱ የኔ ነው። ጉበን አይሆንም።»

ይቅር ብለው ያቀፏት መሰላችሁ? ባቡሩ ተነሳ! «ምን አደረግሽኝ አንቺ ልጅ! ሰው ጠርቻለሁ እኮ! አፍ ያስያዝኩት ሰው ምን ይለኛል? ደግሞስ አንቺ አይደለሽ እንዴ ስንጥቅ የምትሞዪው? የኔን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ሞልተሽው የለም? ይኸው እስከ ዛሬ ሚስቴም አታውቅም! በቃ ሙዪው! ማን ያያል?»

ሰማችሁ? ይህን ያሉት ሽማግሌው ናቸው! እሷ በልቧ ያለችውንና የጣለችውን፣ እሳቸው አፍ አውጥተው ተናገሩት። አትፍረዱባቸው። ደግ ሰው ናቸው፣ ጸሎተኛ ናቸው። ግን እንግዳ ጠርተዋል። ሰው እንግዳ ከጠራ በኋላ እውነት በጣም ይከብደዋል።

እታፈራሁ «ጋሼ፣ የወጥ ቤትዎ ጠረጴዛ ከሥሩ ግንብ አለው» አለች። «ቢሰነጠቅም የትም አይሄድም። ጉበን ግን መሐሉ አየር ላይ ነው። ከላይ ግድግዳ ይጫነዋል፣ ከሥሩ ሰው ያልፋል።»

«እሱን ለእግዚአብሔር ተይው!»

ይህችን ቃል ልብ በሉልኝ። እኛ ሥራችንን ሳንሠራ ስንቀር «ለእግዚአብሔር ተይው» እንላለን! እታፈራሁ አልተወችውም።

«እሺ ጋሼ» አለች። «እሞላዋለሁ። ማንም አያገኘውም፣ እርስዎም ጭምር። አንድ ነገር ግን እለምንዎታለሁ። ሲሰቀል ከሥሩ እርስዎ ይቁሙልኝ። እኔም አጠገብዎ እቆማለሁ። ግድግዳው ሲጫን እኛ ሁለታችን ከሥሩ እንሁን። ከዚያ በኋላ የሰንበት ትምህርት ልጆቹ ይግቡ።»

ጋሽ ወርዶፋ ቀና አሉ። ከላያቸው ሰማይ ብቻ ነው ያለው፤ ድንጋዩ እንደሆነ ከፊታቸው መሬት ላይ ነው። ግን፣ ወገኖቼ፣ አንገታቸውን ሰበር አደረጉ! በሌለ ጉበን! አንድ እርምጃም ወደ ኋላ ሸሹ።

ከዚያ ምን ሆኑ? ሳቁ! ጥላቸው ከእጃቸው እስኪወድቅ ሳቁ። «እኔማ አልቆምም! ምን በወጣኝ እቆማለሁ!» አሉ። ሳቁ እዚያው ላይ ተሰበረና ዓይናቸው እንባ ሞላ። «እኔ የማልቆምበትን ለልጆች ልሰቅልባቸው ነበር! አቤቱ ይቅር በለኝ! አንቺም ይቅር በዪኝ፣ ልጄ።»

ይህ ነው ተአምር! ለምጽ ሲነጻ ብቻ ነው እንዴ ተአምር የምትሉት? አንድ ሽማግሌ በሠራተኛ ፊት «ይቅር በዪኝ» ሲል እኔ ተአምር አይቻለሁ እላለሁ!

ሁለቱም ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። ሲቀመጡ ነው እንግዲህ ሌላ ነገር የታያቸው። ጋሽ ወርዶፋ መስመሩን በጣታቸው እየተከተሉ «ቆይ እስቲ» አሉ። «ደሙ ጉበኑ ላይ ብቻ ነበር እንዴ? መቃኖቹስ? ሁለቱም መቃን ላይ ነበር እኮ! እኛ ከላይ ከላይ ስናይ የጎኑን ረሳነው!»

እታፈራሁ ብድግ አለች። «መቃን ይሆናል! ጋሼ፣ መቃን ይሆናል! ስንጥቁ ላይ እንቆርጠዋለን፣ የታመመውን እናወጣዋለን፤ ደህናውን እየቆረጥን አንዱን በአንዱ ላይ እንክበዋለን። መቃን ከሥሩ መሬት አለው፣ አይሰበርም! ለገሰ! ለገሰ! ማሽኑን አስነሳ!»

አስነሳው! ዲስኩ እየጮኸ በዚያው በጥቁሩ መስመር ላይ ገባ። ያ ያስለቀሳት መስመር የት እንደሚቆረጥ የሚያሳይ ሆነ። እስቲ አሁን አሜን በሉ!

ምረቃው ላይ ከተጠሩት እንግዶች አንዱ እኔ ነበርኩ። በሩ ግራና ቀኙ ቀይ፣ የሚያበራ ቀይ! ቀና ስል ግን ከላይ በብረት የተጠናከረ ተራ ሲሚንቶ ነው፤ ቀለም እንኳን አልተቀባም። «ይሄ ምነው?» ብዬ ገና ሳልጠይቅ ጋሽ ወርዶፋ በሩ ላይ ቆመው፣ ያለ ማይክ፣ ይህን የነገርኳችሁን ሁሉ ለሕዝቡ ተናገሩ። የራሳቸውንም ነገር አላስቀሩም። እታፈራሁ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ነበር የምትሰማው።

ከዚያ በኋላ ሥራ ጎረፈላት፣ ሀብታም ሆነች ብዬ እንድጨርስ ትጠብቃላችሁ። አልዋሽም። «ብያችሁ ነበር፣ ሴት ድንጋይ ምን ታውቃለች» ያለም አለ። የሚያማት ሰው ዛሬም አለ። ግን በዚያ በር ልጆች ሲሯሯጡ ሲገቡና ሲወጡ አይቻለሁ፤ የእሷ ልጅም መሐላቸው ነበረች። እናትየዋ ቀና ብላ ጉበኑን አላየችም። ማየት አላስፈለጋትም።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

እሑድ ሁላችንም እርጥብ ነን። መዝሙሩ ይፈስብናል፣ ጸሎቱ ይፈስብናል፣ ተቃቅፈን ሰላም እንባባላለን። ያምርብናል! ሐሰት ነው አላልኩም፤ ያ ውበት እውነት ነው፣ እግዚአብሔር ነገ የሚያደርገን መልክ ነው። ግን ማክሰኞስ? ማክሰኞ ከሰዓት፣ ሁሉ ሲደርቅ፣ መሐላችን ላይ የሚቀረው መስመር ምንድነው?

እኛ ደግሞ ብልጦች ነን። መድረቅ ስንጀምር እንጮኻለን፤ «ጨምርበት!» ሌላ ጉባኤ! ሌላ ኮንፈረንስ! ሌላ ሌሊት! መዝሙር ጠልቼ አይደለም፤ ከእናንተ በላይ እዘምራለሁ፣ ጎረቤቶቼ ምስክር ናቸው። ግን አንዳንዱ መዝሙር የምንዘምረው እንዳንደርቅ ነው። ብንደርቅ ይታየናላ!

አንተ ከሥራ ከተቀነስክ ስንት ጊዜህ፣ ግን በየጠዋቱ ክራቫት አስረህ ከቤት ትወጣለህ። ሚስትህ ምሳ ትቋጥርልሃለች። መናፈሻ ቁጭ ብለህ ትበላዋለህ። አንቺ ሐኪም የነገረሽን ይዘሽ፣ ለእናትሽ «ደህና ነኝ» ትያለሽ። እናንተ ሁለት ወንድማማቾች በአንድ አግዳሚ ወንበር ጫፍና ጫፍ ተቀምጣችሁ፣ በእናታችሁ ቤት ምክንያት ከተኳረፋችሁ ወዲህ ሰላምታችሁ ለሰው ዓይን ብቻ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይሉ የለ አባቶቻችን?

ደግሞ እናንተ መሪዎች! እኔም ጭምር! እኛ ጉበን ነን፤ መሐላችን አየር ላይ ነው፣ ሰው ከሥራችን ያልፋል። የኛ ስንጥቅ የወጥ ቤት ጠረጴዛ ስንጥቅ አይደለም። ብንወድቅ ብቻችንን አንወድቅም።

ግን አትፍሩ! ለዚህ ነው ዛሬ ደስ ብሎኝ የምጮኸው! ድንጋዩ ተጣለ እንዴ? አልተጣለም! ስንጥቅህን ያየ ጌታ «ውሰዱልኝ» አይልም። «ከዚህ ላይ እንቁረጠው፣ የታመመው ይውጣ፣ ደህናው ይቁም» ይላል። ምናልባት ባሰብከው ቦታ ላይ አትሆን ይሆናል። ከፍ ብለህ ልትጋደም ፈልገህ፣ ዝቅ ብለህ ትቆም ይሆናል። ግን በሩ ላይ ነህ! ከቤቱ አልወጣህም!

አሁን ልጨርስ ነው። ኳየሩ ይቅር ይበለኝ፤ የመዝጊያ መዝሙር የለም። ኪቦርዱንም አጥፉልኝ። ምነው ደነገጣችሁ? ዝምታ አይገድልም።

ልታናግሩት የሚገባችሁ ሰው አለ። ስሙ አሁን ልባችሁ ውስጥ መጣ፤ አባርራችሁትም ተመልሶ መጣ። ቤት ያለ ከሆነ ቀጥ ብላችሁ ሂዱ፣ መንገድ ላይ ከማንም ጋር አታውሩ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ ከሆነ ግን ወዴት ትሄዳላችሁ? ተነሱና አጠገቡ ተቀመጡ።

አያችሁ፣ ከኋላ አንድ ሰው ተነሳ። ዞራችሁ አትዩት። ሌላውም ይነሳ። እኔ አልቸኩልም፤ እዚሁ ቆሜ እጠብቃለሁ።